ትኩስ ገላና ቀዝቃዛ ውሃ

ትሮንድሄይም፣ ኖርዌይ
ኖቬምበር 18 ቀን 1988

ለተከበሩ አጎቴ ክሪሳንቶ ማግባኑዋ፣
ሳን ኢልዴፎንሶ እርሻ፣ ኔግሮስ ደሴት

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እኔ ከብርዱና ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ድንግል ማርያም ትመስገን። የአገዳው ቆረጣ መጀመሩንና ዘንድሮም የቆራጮቹ ካቦ እርስዎ መሆንዎን እናቴ ጽፋልኛለች። እግዜር ጤናውን ይስጥዎ፤ ገጀራ የያዘውንም ሁሉ ከአደጋ ይጠብቅልን።

አሁን የምነግርዎትን ሲሰሙ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። በነርስነት ከምሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ ስወጣ በሳምንት አምስት ቀን ብስክሌት እነዳለሁ፤ ብስክሌቱ ግን የትም አይሄድም። ወለሉ ላይ ተቸንክሯል። ዶክተር ሲግሩን የሚባሉ ሴት ሥራ ላይ ያለ ሰውነት ሙቀቱን እንዴት እንደሚያስወጣ ያጠናሉ፤ እኔም ከሚጠኑት ሰዎች አንዷ ነኝ። ውጭው በረዶ ነው፤ ክፍሉን ግን በማሞቂያ የእኛን የኤፕሪል ሐሩር አስመስለውታል። ደረቴ ላይ ሽቦ ይለጥፋሉ፣ ላቤን በጨርቅ ሰብስበው ይመዝናሉ። ቴርሞሜትሩን የት እንደሚያስገቡት ለአጎት ስለማይጻፍ እዘለዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን አፈርኩ። ከእኔ ጋር የጀመሩት ሦስቱም የዚሁ አገር ልጆች ነበሩና እኔ የሙቅ አገር ሰው እበልጣቸዋለሁ ብዬ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ እንደ ከበሮ ደለቀ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ከብስክሌቱ አወረዱኝ። ለካ አራት ዓመት ብርድ አገር መኖር ሰውነቴን የተወለደበትን አስረስቶታል። ደግነቱ ቶሎ ይማራል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ስነዳ በአሥረኛው ቀን ያው ክፍል፣ ያው ብስክሌት፣ ልቤ ግን ሰከነ። ላቤም ገና ፔዳሉን ስረግጥ መፍሰስ ጀመረ። ዶክተሯ ወረቀቱን እያሳዩኝ "አየሽ፣ አስታወሰ" አሉኝ።

ያን ጊዜ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የሚያሠለጥኗቸው ሯጮችስ እንዴት ናቸው? ጥሩ ልጅ አግኝተዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

እጅዎን እስማለሁ።
የወንድምዎ ልጅ ሊዮኒሳ


ሳን ኢልዴፎንሶ
ዲሴምበር 30 ቀን 1988

ልጄ ሊዮኒሳ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስ። እኛ እንዳለን አለን፤ ገናን በሰላም አሳልፈናል፣ ጉልበቴም ከዝናብ በፊት ካልሆነ አይጮህም።

ደብዳቤሽን ምሳ ላይ ለቆራጮቹ አነበብኩላቸው። ሳቁ አላስበላቸውም። ሮሰንዶ "ካቦ፣ እዚያ አገር ሰው ላቡን የሚመዝንለት ካገኘ እኔን ላኩኝ፤ በበርሜል ነው የማስረክባቸው" አለ።

ዶክተርሽን አክብሬአታለሁ፤ ግን ያገኘችው ነገር እዚህ በአገዳው ረድፍ መካከል የሚታወቅ ነው። አዲስ ቆራጭ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ረድፍ ብቻ ነው የምሰጠው። ጎረምሳ ከሆነ ይቆጣል፣ "ናቅከኝ" ይለኛል፤ እኔ አልሰማውም። ቀን በቀን እጨምርለታለሁ፤ ሙሉ ረድፍ የሚያገኘው ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ነው። ታሞ ተኝቶ የቆየ፣ ከተማ ከርሞ የመጣም ቢሆን ሃያ ዓመት የቆረጠ ቢሆን እንደ አዲስ ይጀምራል። የሌላ እርሻ ካቦዎች ይስቁብኛል። ይህን ደንብ ካወጣሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

ሌላም ልንገርሽ። አዲስ ሰው ጥቁር ሸሚዝ እንዲለብስ አደርጋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላቡ ሲደርቅ ጀርባው በጨው ነጭ ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት ያው ሰው ከበፊቱ ይበልጥ ያልበዋል፣ ሸሚዙ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ገላው ጨዉን ማስቀረት ተማረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሙሉ ረድፍ እሰጠዋለሁ።

ልጅቱ የምትዪኝ ግሊሴሪያ ናት፤ ሴሪያ እንላታለን። የባሏ የሞተባት የፌሊሳ ልጅ ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። እስከ እኩለ ቀን አገዳ ትቆርጣለች፣ ከሰዓት በኋላ እኔ አሯሩጣታለሁ። እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም፤ መሬት የምትረግጥ አይመስልም። በኤፕሪል ከስኳር ፋብሪካው በር እስከ ከተማው አደባባይ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ይሮጣል። አንደኛ የወጣችውን ሴት ባኮሎድ ከተማ ያለ ኮሌጅ በነፃ ያስተምራታል። የምትሮጠው በወንድሟ ጫማ ነው፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃበት። ከቻልሽ ጫማ ላኪላት፤ እግሯን ወረቀት ላይ አስምሬ ልኬልሻለሁ።

አያያዜን ታውቂዋለሽ። ስትሮጥ ውሃ አላስቀምሳትም፣ ሆድ ያከብዳል። ሮጣ ስትጨርስ ላቧ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ትቀመጣለች። ፓስማ መትቷት እጇ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ትኩስ ገላዋን እስከ ማግስቱ ጠብታ ውሃ አይነካውም።

አምላክ በብርድ አገር ያሙቅሽ።
አጎትሽ ክሪሳንቶ


ትሮንድሄይም
ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1989

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የቤቱ ሙቀት የጨመረ መሰለኝ። ጤናዎና ሳቅዎ አይጓደልብኝ። የሴሪያ ጫማ በዚህ ሳምንት ተልኳል፤ ለጣቷ ትንሽ ቦታ የሚተው መርጬላታለሁ፣ በሙቀት እግር ያብጣልና።

የጻፉትን ለዶክተር ሲግሩን ተርጉሜ አነበብኩላቸው። የሸሚዙን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙና "ይህንን በቁጥር ለማሳየት ሁለት ዓመት ላብ በጠርሙስ ሳጠራቅም ኖርኩ። አጎትሽ በሸሚዝ አወቁት" አሉ። ግማሽ ረድፍዎን ተማሪዎቻቸው ሁሉ ጽፈውታል። ስምዎ እዚያ ክፍል ሲጠራ እንዴት እንደኮራሁ ምን ብዬ ልንገርዎ።

እኔም ከእሳቸው የተማርኩትን ላካፍልዎ። ጡንቻ ከሚያነደው ውስጥ ለሥራ የሚውለው ሩቡ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ውስጣችን ይቀራል። ደም ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ቆዳ ያመጣዋል፤ ላብ ቆዳ ላይ ሲተን ይዞት ይሄዳል። የሚያቀዘቅዘው የተነነው ላብ ነው፤ ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀው አይቆጠርም። የእኛ አየር ደግሞ ራሱ ውሃ የጠገበ ስለሆነ ላብ አይተንም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ደም ለእግርም ለቆዳም መድረስ አለበት፤ ውሃ ሲጎድል ለሁለቱም ያንሳል። ስለዚህ አጎቴ፣ ሴሪያ በመንገድ ላይ ትጠጣ፤ ጉንጭ ጉንጭ እያለች። ሆዷም ይለምደዋል።

የሚቀጥለውን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሦስት ቀን አሰብኩ። ሯጭ ወይም ቆራጭ በሙቀት ወድቆ መቀባዠር ከጀመረ፣ ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ አንጎሉ እየበሰለ ነው። ያን ጊዜ መኪና መጠበቅ አይደለም። ሙሉ ገላውን እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ በረዶ ካለም ከነበረዶው፣ እዚያው በወደቀበት። ሐኪም ቤት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ፓስማ የሚሉትን አውቃለሁ፤ እኔም በዚያ ነው ያደግሁት። ግን ከዚያ ክፍል የወጣ ትኩስ ገላ በቀዝቃዛ ውሃ በደህና ሲበርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን መጻፌን ከድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ።

አክባሪዎ ሊዮኒሳ


ትሮንድሄይም
ማርች 27 ቀን 1989

ለተከበሩ አጎቴ፣

የትንሣኤው ሰላም ከቤትዎ ይግባ። እኔ ደህና ነኝ።

ሰባት ሳምንት ከእርስዎ ቃል አልሰማሁም። ጫማው መድረሱን እናቴ ጽፋልኛለች፤ ሴሪያ አቅፋው እንደተኛችም ነግራኛለች። ስለ እርስዎ ስጠይቃት ግን "ደህና ነው" ከማለት በቀር አትጨምርም። ያስቀየምኩዎት ካለ በዓሉን ምክንያት አድርገው ይቅር ይበሉኝ። ስለ ሩጫው ባይጽፉልኝም ስለ ጉልበትዎ ይጻፉልኝ።

ሊዮኒሳ


ሳን ኢልዴፎንሶ
ሜይ 9 ቀን 1989

ልጄ ሊዮኒሳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሦስት ወር ዝም ስላልኩሽ ይቅር በዪኝ። አልታመምኩም፣ ጊዜም አላጣሁም። ያንን ደብዳቤሽን ሳነብ ተናደድኩ። በምን እንደተናደድኩ አንቺም እኔም እናውቃለን። አጣጥፌ ከማርያም ሥዕል ኋላ ሸጎጥኩት። አላቃጠልኩትም፤ ግን ደግሜም አላነበብኩትም። የውሃውን ምክር ብቻ ወሰድኩ። ሴሪያ በልምምድ ላይ ጉንጭ ጉንጭ እያለች መጠጣት ጀመረች፤ እውነትም እግሯ እስከ መጨረሻው የማይዝል ሆነ። ይህንንም ሳልጽፍልሽ ቀረሁ፤ ግትርነት ነው።

ሩጫው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ነበር። የሚያስጀምረው የክብር እንግዳ ዘገየ። ሯጮቹ ፋብሪካው በር ላይ ፀሐይ እየመታቸው ቆዩና ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን መጣ። ንፋስ የሚባል የለም፤ አገዳው ቅጠሉን እንኳ አያነቃንቅም። ፌሊሳን ጠርቼ ልጅቱን ብናስቀራት ይሻላል አልኳት። ሴሪያ ሰምታ "ካቦ፣ ለዚህ ጫማ መጥቶልኝ እንዴት እቀራለሁ?" አለችኝ። ማስቀረት ይገባኝ ነበር። ሳልከለክላት ቀረሁ።

ሮሰንዶ ውሃ ይዞ በብስክሌት እየቀደመ አምስተኛውና አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንዲጠብቃት፣ ከዚያም እስከ ከተማው እንዲከተላት አዘዝኩት። በአምስተኛው ጠጣች። በአሥረኛው ላይ አንዲት ረጅም ሯጭ እግር በእግር ስለተከተለቻት ሳትቀበለው አለፈች። እኔ ከተማው መግቢያ ላይ የዓሣ ገበያው ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። ስትመጣ አየኋት፤ ብቻዋን፣ ሁሉንም ጥላ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ያየሁት እግሯን ነው። ያ መሬት የማይነካው እግር እየተጠላለፈ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ሰከረ ሰው ተወዛወዘችና ገበያው በር ላይ ወደቀች።

ሮጬ ደረስኩ። ገላዋ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጃል፤ ላቧ ግን ይወርዳል።

"ሴሪያ፣ እኔ ማን ነኝ?" አልኳት።

"ጎሹን ማን ፈታው?" አለችኝ። የእርሻ ጎሽ ኖሯቸው አያውቅም።

ሰዉ ከበበን። መኪና ይጠራ ይላሉ። ፌሊሳ ደርሳ እሪ አለች። ከገበያው ሴቶች አንዷ ፓስማ እንዳይመታት ብላ ብርድ ልብስ ይዛ መጣችና ልጅቱን ልትጠቀልላት ጎንበስ አለች። ልጄ፣ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ያንን ብርድ ልብስ ስላየሁ ነው። ከእጇ ነጥቄ ወረወርኩት።

ዓሣ ሻጯን ፓሲንግን "ዓሣሽን ድፊውና ገንዳውን ስጪኝ" አልኳት። አበድክ አለችኝ። ራሴ ደፋሁት። ሮሰንዶ ከዓሣው ሥር የነበረውን በረዶና የቀለጠውን ውሃ መለሰበት፣ ሌሎች ባልዲ አመጡ። ልጅቱን አንሥተን ልንነክራት ስንል ፌሊሳ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች። "ልጄን ልትገድልብኝ ነው! ትኩስ ገላ በበረዶ!" እያለች ትቧጥጠኛለች። ሰዉም ከእሷ ጋር ነው።

"ፌሊሳ" አልኳት፤ "እኔ የራሴን ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው የገደልኩት። ልቀቂኝ።"

አሥራ ሁለት ዓመት ከአፌ ያልወጣ ቃል ነው፤ በዓሣ ገበያ መሐል ወጣ። ፌሊሳ እጇን ለቀቀች። ሰዉም ገለል አለልን።

እስከ አንገቷ ነከርናት። እኔ ራሷን ደግፌ ያዝኩ፣ ሮሰንዶ ውሃውን ያማስላል፣ ፓሲንግ ራሷ ሳትጠየቅ ሌላ በረዶ ተሸክማ መጣች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ አንድ የቆረጣ ወቅት ያህል ነበር። ጸሎት ለማድረግ ሞክሬ ቃሉ ጠፋኝ። ከዚያ ጥርሷ መንገጫገጭ ጀመረ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና "ካቦ፣ ለምንድን ነው ዓሣ ዓሣ የምሸተው?" አለች። ፌሊሳ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ተኛች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ኖርዌይ ያለች የወንድሜ ልጅ ናት አልኩት። ኩላሊቷም አንጎሏም ደህና ነው፣ በየጥቂቱ እየጨመረች ወደ ሩጫዋ ትመለሳለች ብሏል። ያቺ ረጅም ልጅ አንደኛ ወጣች።

አሁን የምጠይቅሽን አታለዝቢብኝ። ልጄ ፒኖ የሞተ ቀን ባኮሎድ ሦስት ወር ከርሞ መምጣቱ ነበር፤ ሙሉ ረድፍ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሲወድቅ አንቺ ባልዲ ውሃ ይዘሽ ሮጠሽ መጣሽ። አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ልታፈሺበት ስትይ "አስቀምጪው፣ ፓስማ ትጨምሪበታለሽ" ብዬ ጮህኩብሽ። ጠቅልዬው መኪና ጠበቅሁ። ዶክተርሽን ጠይቂልኝ፤ ያ ባልዲ ቢፈስ ልጄ ይተርፍ ነበር?

አጎትሽ


ትሮንድሄይም
ጁን 11 ቀን 1989

አጎቴ፣

ዛሬ ስለ ጤናዎ ሳልጠይቅ ልጀምር፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጠየቅኳቸው። ሳላሳጥር ሳልጨምር ተረጎምኩላቸው። እንዲህ አሉኝ፦ "በቶሎ ሙሉ ገላው ቢነከር ኖሮ የመትረፍ ዕድሉ ትልቅ ነበር። አንድ ባልዲ ግን አይበቃም፤ ጥቂት ሊያበርደው ይችል ነበር፣ ያድነው እንደነበር ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ያን ጊዜ በብዙ አገር ያሉ ሐኪሞችም አያውቁትም ነበር።" እንዳላለዝብ ስላዘዙኝ እንዳለ ጻፍኩት።

አሁን የእኔን ይስሙ። ያንን ባልዲ ያስቀመጥኩት ስለጮሁብኝ ብቻ አይደለም። እኔም አምኜው ነበር። እዚህ መጥቼ፣ ነርስ ሆኜ፣ ከብስክሌቱ ባወረዱኝ ቀን ዶክተሯ ቀዝቃዛ ፎጣ አንገቴ ላይ ሊያደርጉ ሲሉ እጃቸውን ገፍቼዋለሁ። "ፓስማ" አልኩ፣ በገዛ ቋንቋዬ፤ አልገባቸውም። የተማርኩት እኔ ይህን ካደረግሁ፣ እርስዎ ከየት ያውቁት ነበር?

ውሃ ያድናል ብዬ መጻፍ ለእኔ ቀላል ነበር። ሞቅ ባለ ክፍል፣ በወረቀት ላይ። እርስዎ ግን የልጅቱ እናት እየቧጠጠችዎ፣ ከተማው ሁሉ ተሳስተሃል እያለዎት፣ ያ ነገር እውነት ከሆነ ስለ ፒኖ ምን ማለት እንደሚሆን እያወቁ አደረጉት። ዶክተር ሲግሩን ደብዳቤዎን ለተማሪዎቻቸው ላንብብ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያለ ፈቃድዎ አይሆንም አልኳቸው። እኔ ግን ማታ ማታ ለራሴ አነበዋለሁ። አጎቴ ይህ ሰው ነው እላለሁ።

ፒኖን እወደው ነበር። ስሙን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

ሊዮኒሳ


ሳን ኢልዴፎንሶ
ኖቬምበር 12 ቀን 1989

ልጄ ሊዮኒሳ፣

አምላክ ዘመንሽን ያርዝመው። ዶክተርሽን ታንብብ በያት፤ የልጄንም ስም ትጥራው። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወደ መቃብሩ ሄጄ አነበብኩለት። 

ቆረጣው ተጀምሯል። ሴሪያ ከጁን ወዲህ ትሮጣለች፤ መጀመሪያ ሩብ ሰዓት፣ አሁን ሙሉ ልምምድ። የኤፕሪሉ ሩጫ አዘጋጆች ጋ ሄጄ፣ በሰዓቱ ካልተጀመረ የእኔ ሯጮች አይሰለፉም ብያቸዋለሁ። የሦስት እርሻ ካቦዎች አብረውኝ ቆመዋል፤ አዘጋጆቹም እሺ ብለዋል።

ፋብሪካው የጣለውን የሞላሰስ በርሜል ለሁለት አሰንጥቄ ረድፉ ጫፍ ላይ አኖርኩት፣ ከጉድጓዱ ውሃ ሞላሁት። ለወደቀ ሰው ነው። ሌላው ከሥራ በኋላ እንዲታጠብበት ብናገር ማንም አልቀረበውም። ሽማግሌዎቹ እንደ ሬሳ ሣጥን እያማተቡ ያልፉታል። ሮሰንዶ እንኳ፣ በረዶውን በእጁ ያማሰለው ሰው፣ "እሱ ለሞት ቀን ነው ካቦ፤ ደህና ሰው አይገባበትም" አለኝ።

ያለፈው ሰኞ ሥራ ስናቆም ሸሚዜን አወለቅኩ። ላቤ ገና ይወርዳል። ሁሉም ገጀራቸውን ይዘው ቆመው ያዩኛል። አንድ እግሬን አስገባሁ፣ ሁለተኛውን አስገባሁ፣ እስከ አንገቴ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላም ፈራሁ። ማንም አልቀረበኝም። ፌሊሳ ብቻ መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ እንዳልወጣ የምትጠብቀኝ ይመስል።

በማግስቱ እጄ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሲያዩ ዋሉ። ሙሉ ረድፍ ቆረጥኩ። ማታ ሮሰንዶ ገባ፣ ቀጥሎ ሁለት ወንድማማች ቆራጮች። ዛሬ ተራ ለመጠበቅ ተሰልፈው ሲጣሉ ነበር፤ ሁለተኛ በርሜል እየፈለግሁ ነው።

ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከላቤ ጋር ተኝቻለሁ፣ ልጄ። ውሃ ለደከመ ገላ እንዲህ እንደሚጥም የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አጎትሽ ክሪሳንቶ